አንድ ጽሑፍ ለሁለት ዐይነት ስልክ፦ የጃቫስክሪፕት ማዕቀፎች አጭር ታሪክ

ከኮምፒዩተር ክበብ አባሎች

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ አባቶቻችን። ምሳሌው የተነገረው ስለ ሰው ምኞት ነው፤ ነገር ግን በዘመናችን ለእጅ ስልክ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች በየቀኑ የሚገጥማቸውን ችግር ደኅና አድርጎ የሚገልጽ ሆኖ አግኝተነዋል። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ዘመናዊ ስልኮች ከጥቂቶቹ በቀር በሁለት ወገን የተከፈሉ ናቸው። አንደኛው ወገን የአፕል ኩባንያ አይፎን ነው፤ ሁለተኛው ወገን በጉግል አንድሮይድ የሚንቀሳቀሱት የልዩ ልዩ ኩባንያዎች ስልኮች ናቸው። ለአንደኛው ወገን የተዘጋጀው ፕሮግራም እንዳለ በሌላው ላይ አይሠራም። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን ለማገልገል ያሰበ ሰው ወይ ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል፥ ወይም ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያሻግር ድልድይ ይፈልጋል።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም። ዘንድሮ ትምህርት ቤታችን በዓሉን በሚያከብርበት ዓመት ክበባችን አንድ ሥራ ተቀብሏል። ይኸውም ወላጆች የፈተናን ቀን፥ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳንና የትምህርት ቤቱን ማስታወቂያ በስልካቸው የሚያነቡበትን አፕ ማዘጋጀት ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከመካከላችን የሚበዙት በሁለት ዓመት ውስጥ ፈተና ወስደው ከዚህ ግቢ የሚወጡ ናቸው። የምንመርጠውን መሣሪያ ተሸክመው የሚቀሩት ዛሬ በዝቅተኛው ክፍል ያሉት ታናናሾቻችን ናቸው። እነርሱን በማይጠቅም ዕዳ እንዳናስር በማሰብ፥ ከመምረጣችን በፊት ከእኛ ቀድመው የመረጡት ምን እንደ ደረሰባቸው ማጥናት ይገባናል አልን። ከዚህ በታች የምናቀርበው የዚያ ጥናት ፍሬ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የችግሩ መነሻ

አይፎን በጃንዋሪ 2007 ለሕዝብ ታየ፤ በዚያው ዓመት በጁን ወር መሸጥ ጀመረ። በዚያን ጊዜ የአፕል መሪ የነበሩት ስቲቭ ጆብስ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች የሰጡት ምክር፥ ሥራችሁን እንደ ድረ ገጽ አዘጋጁና በስልኩ ብራውዘር ይከፈት የሚል ነበር። ጸሐፊዎቹ ግን በዚህ አልረኩም፤ ምክንያቱም ድረ ገጽ የስልኩን ካሜራ ለማዘዝ ወይም የስልክ ቍጥሮችን መዝገብ ለመክፈት አይችልም ነበር። ከዚህም የተነሣ አፕል አሳቡን ለውጦ በጁላይ 2008 የአፕ መደብሩን 500 በሚያህሉ አፖች ከፈተ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ለገበያ ቀረበ።

እንግዲህ ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ለአይፎን የሚጻፈው ኦብጀክቲቭ ሲ በሚባል ቋንቋ ሲሆን፥ ለአንድሮይድ የሚጻፈው በጃቫ ነበር። በዚያ ላይ ብላክቤሪ፥ የኖኪያ ሲምቢያን፥ የፓልም ዌብ ኦኤስ፥ ከ2010 ጀምሮም የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ፎን ነበሩ። አንድ አነስተኛ ድርጅት ለነዚህ ሁሉ ቋንቋ ዐዋቂ ቀጥሮ ለማሠራት ዐቅም አልነበረውም። ሆኖም በነዚህ ስልኮች ሁሉ ዘንድ የሚገኝ አንድ የጋራ ነገር ነበረ፤ እርሱም ብራውዘር ነው። በብራውዘሩ ውስጥ ደግሞ የሚኖረው ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ነው።

ጃቫስክሪፕት ከጃቫ ጋር በስም እንጂ በባሕርይ ዘመድ አይደለም። ብሬንዳን አይክ የተባሉ የኔትስኬፕ ኩባንያ መሐንዲስ በሜይ 1995 በ10 ቀን ውስጥ ጀምረው ያቆሙት ቋንቋ ነው። መጀመሪያ ሞካ፥ ቀጥሎም ላይቭስክሪፕት ይባል ነበር፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው በዲሴምበር 1995 ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፥ ጥድፊያው ያስከተላቸውን አንዳንድ ጉድለቶች ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይለቅማሉ። ነገር ግን በየብራውዘሩ ስለሚገኝ የሚያውቀው ሰው በዛ፤ ወደ ስልክ ያሻገረውም የቋንቋው ውበት ሳይሆን ይህ መስፋፋቱ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ

በ2008 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገ የአይፎን ፕሮግራም ጸሐፊዎች ስብሰባ ላይ ፎንጋፕ የሚባለው መሣሪያ ተጠነሰሰ። ያሳደገው በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ የነበረ ኒቶቢ የሚባል አነስተኛ ኩባንያ ነው። አሠራሩ ብልሃት የተሞላ ነበር። የአድራሻ መጻፊያና ሌላ ቍልፍ የሌለው ባዶ ብራውዘር በአፕ ቅርፊት ውስጥ ያስገባሉ፤ ድረ ገጹም በዚያ ውስጥ ተከፍቶ እንደ ማንኛውም አፕ ይታያል። ድረ ገጹ ካሜራውን በፈለገ ጊዜ በጃቫስክሪፕት ጥያቄ ያቀርባል፤ በስልኩ ቋንቋ የተጻፈ ትንሽ ተቀጽላ ጥያቄውን ተቀብሎ ይፈጽምለታል።

አዶቢ ኩባንያ በኦክቶበር 2011 ኒቶቢን ገዛ፤ ፎንጋፕን ግን ለብቻው አላስቀረውም፤ ኮዱን አፓቺ ለሚባለው የበጎ ፈቃድ ተቋም ሰጠ። እዚያም ኮርዶቫ የሚል ስም ወጣለት፤ ስሙም የኒቶቢ መሥሪያ ቤት ከነበረበት መንገድ የተወሰደ ነው። ይህ ስጦታ ምን ያህል ጥቅም እንደ ነበረው የታየው ከ9 ዓመት በኋላ ነው። አዶቢ በ2020 ፎንጋፕን በዘጋ ጊዜ ኮርዶቫ በአፓቺ ቤት በሕይወት ቈየ፤ የፎንጋፕ ተጠቃሚዎችም የሚጠጉበት አላጡም።

በዚያው ዘመን ቲታኒየም የሚባል ሌላ መሣሪያ ነበረ። ያዘጋጀው አፕሰለሬተር የተባለ ኩባንያ ነው። ይህኛው ባዶ ብራውዘር አይጠቀምም፤ በጃቫስክሪፕት የተጻፈው ትእዛዝ የስልኩን የራሱን ቍልፎችና ዝርዝሮች ያሠራል። አሳቡ ዘመኑን የቀደመ ነበር። ነገር ግን ኩባንያው በ2016 ለአክስዌይ ተሸጠ፤ አክስዌይም በ2022 ድጋፉን አቆመ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው የቀረው በጥቂት ወዳጆቹ እጅ ነው።

ሌላም ፈተና ነበረ፤ እርሱም የባለ መደብሩ ሥልጣን ነው። አፕል በኤፕሪል 2010 ባወጣው ደንብ የአይፎን አፕ በመጀመሪያ መጻፍ ያለበት በኦብጀክቲቭ ሲ፥ በሲ፥ በሲ ፕላስ ፕላስ ወይም በስልኩ የብራውዘር ሞተር በሚሠራ ጃቫስክሪፕት ብቻ ነው አለ። በደንቡ በቀጥታ የተመታው የአዶቢን ፍላሽ ወደ አይፎን አፕ የሚለውጠው መሣሪያ ነበር፤ ሌሎቹም የድልድይ ሠሪዎች በሥጋት ላይ ወደቁ። አፕል በሴፕቴምበር 2010 ደንቡን አላላው። ይሁን እንጂ ድልድይ የሚሠራ ሰው የሁለቱም ዳርቻ መሬት የሌላ ሰው መሆኑን ሊረሳ እንደማይገባው በዚህ ታወቀ።

የፌስቡክ መመለስ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ይልቅ የሰዎችን አሳብ የለወጠው በፌስቡክ የደረሰው ነገር ነው። ፌስቡክ የስልክ አፑን በአብዛኛው በድረ ገጽ ዘዴ ሠርቶት ነበር። ተጠቃሚዎች ግን ገጹ ቀርፋፋ ነው፥ ሲገፉትም ይንቀጠቀጣል እያሉ አማረሩ። ኩባንያው በኦገስት 2012 የአይፎኑን አፕ በስልኩ በራሱ ቋንቋ እንደ ገና ጻፈው። በሚቀጥለው ወር የኩባንያው መሪ ማርክ ዙከርበርግ በሳን ፍራንሲስኮ ጉባኤ ላይ ቀርበው፥ በኤችቲኤምኤል 5 ላይ ከመጠን በላይ መተማመናቸው ኩባንያው ከሠራቸው ስሕተቶች ሁሉ ዋነኛው እንደ ሆነ ተናገሩ።

ብዙ ሰዎች ይህን ሰምተው የጃቫስክሪፕት ነገር በስልክ ላይ አበቃ ብለው ነበር። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። የፌስቡክ መሐንዲስ ጆርዳን ዎክ የፈጠሩት ሪአክት የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ በሜይ 2013 ለሁሉ ክፍት ሆነ። ከዚያም ይኸው አሠራር ወደ ስልክ ተሻግሮ ሪአክት ኔቲቭ ተባለ። በማርች 2015 ለአይፎን፥ በሴፕቴምበር 2015 ለአንድሮይድ ለሕዝብ ተሰጠ።

አሠራሩን በአጭሩ ለመግለጽ ያህል፥ ሪአክት ኔቲቭ በባዶ ብራውዘር ውስጥ ድረ ገጽ አይከፍትም። ጃቫስክሪፕቱ በአንድ ወገን ያስባል፤ ሥዕሉን የሚሥለው ግን ስልኩ በራሱ ቍልፎችና ጽሑፎች ነው። በሁለቱ መካከል ሁለት መንደር የሚያገናኝ መልእክተኛ እንዲሉ፥ ድልድይ የሚባል አንድ ክፍል ነበረ። አንዱ ወገን የሚፈልገውን በጽሑፍ አድርጎ ይልካል፤ ሌላው አንብቦ ይፈጽማል። መልእክቱ ጥቂት በሆነ ጊዜ ማንም መዘግየቱን አያስተውልም። ረጅም ዝርዝር በፍጥነት በሚገፋበት ጊዜ ግን መልእክተኛው ይደክማል፤ ስክሪኑም ለአፍታ ባዶ ሆኖ ይታያል። ይህን ለማረም ብዙ ዓመት ፈጅቷል። በ2019 ሄርሜስ የተባለ ለስልክ የተዘጋጀ የጃቫስክሪፕት ሞተር ወጣ። በኦክቶበር 2024 በወጣው በ0.76ኛው እትም ደግሞ ሁለቱ ወገኖች ያለ መልእክተኛ በቀጥታ የሚነጋገሩበት ዐዲስ አሠራር መደበኛው ሆነ።

ሌሎቹ ማዕቀፎች

ማዕቀፍ ወይም ፍሬምወርክ የሚባለው ነገር ምሰሶውና ማገሩ አስቀድሞ የቆመ ቤት ማለት ነው። ባለቤቱ ምርጊቱንና በሩን ይጨምራል እንጂ ከመሠረቱ አይጀምርም። ስለዚህ ምሰሶውን ያቆመው ሰው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

በ2013 በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት የተጀመረው አዮኒክ በኮርዶቫ ላይ የተሠራ ነበር። ሥራው ለድረ ገጹ የስልክ አፕ መልክ የሚሰጡ ቍልፎችንና ዝርዝሮችን ማቅረብ ነው። አዮኒክ ግን በመጀመሪያ አንጉላር ጄኤስ በሚባል የጉግል ማዕቀፍ ላይ ተደግፎ ነበር። ጉግል በሴፕቴምበር 2016 አንጉላርን ከመሠረቱ ለውጦ በጻፈው ጊዜ፥ አዮኒክም አብሮ መለወጥ ግድ ሆነበት፤ በአሮጌው የጻፉትም ሰዎች ሥራቸውን እንደ ገና ለመጻፍ ተገደዱ። አዮኒክ ከዚህ ጥገኝነት የወጣው በጃንዋሪ 2019 በአራተኛው እትሙ ነው፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከየትኛውም የድረ ገጽ ማዕቀፍ ጋር ይሄዳል። በዚያው ዓመት ካፓሲተር የሚባል የኮርዶቫ ተተኪ አወጣ። በ2022 ደግሞ አዮኒክን አውትሲስተምስ የተባለ ኩባንያ ገዛው።

በ2015 ደግሞ ኔቲቭስክሪፕት ወጣ። መነሻው በቡልጋርያ በሶፍያ ከተማ የተመሠረተው ቴሌሪክ ኩባንያ ነው። የዚህ መሣሪያ ልዩ ነገር ጃቫስክሪፕቱ ያለ ተቀጽላ በቀጥታ የስልኩን አገልግሎት ሁሉ ለመጥራት መቻሉ ነው። ይሁን እንጂ ብልሃቱ እንደ ሪአክት ኔቲቭ ብዙ ሕዝብ አላስከተለለትም፤ በ2020 አሳዳጊው ኩባንያ ሥራውን ለሌላ አነስተኛ ድርጅት አስረከበ።

በዲሴምበር 2018 ጉግል ያወጣው ፍላተርም በዚህ ውድድር ውስጥ ከባድ ተወዳዳሪ ነው፤ ነገር ግን የሚጻፈው ዳርት በሚባል ቋንቋ ስለ ሆነ ከጽሑፋችን ወሰን ውጭ ነው።

ኤርቢኤንቢ እና ሾፒፋይ

አንድ መሣሪያ ለአንዱ ቤት ጠቅሞ ለሌላው ላይጠቅም እንደሚችል የሚያሳይ የታወቀ ምሳሌ አለ። የእንግዳ ማረፊያ የሚያከራየው ኤርቢኤንቢ በ2016 በሪአክት ኔቲቭ መሥራት ጀመረ፤ በጁን 2018 ግን እንደሚተወው በይፋ ጻፈ። መሐንዲሶቹ ያቀረቡት ምክንያት ሚዛናዊ ነበር። በሪአክት ኔቲቭ የተሠሩት ክፍሎች ኮዳቸው በአብዛኛው ለሁለቱም ስልኮች የጋራ እንደ ሆነ፥ ብዙዎቹም ሠራተኞች መሣሪያውን እንደ ወደዱት አልደበቁም። ነገር ግን አፑ አስቀድሞ በሁለቱ ስልኮች ቋንቋ የተጻፈ ታላቅ ሥራ ነበረ፤ ሪአክት ኔቲቭ በዚያ ላይ ሲጨመር ሁለት የነበረው ወደ አንድ ሳይቀነስ ወደ ሦስት ወጣ። አንድ ብልሽት ሲነሣ በአይፎኑ ነው፥ በአንድሮይዱ ነው፥ ወይስ በጃቫስክሪፕቱ ነው የሚለውን ለማወቅ ሦስቱንም የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ሾፒፋይ የተባለው የካናዳ የንግድ ኩባንያ ግን በጃንዋሪ 2020 ከዚህ ወዲያ ዐዳዲስ የስልክ አፖቹን በሪአክት ኔቲቭ እንደሚሠራ አስታወቀ። መሣሪያው አንድ ሆኖ ሳለ ውሳኔው ተቃራኒ ነው። በኤርቢኤንቢ ቤት ዐዲሱ በአሮጌው ላይ ተደርቦ ነበር፤ ሾፒፋይ ደግሞ የቀሩትን አፖች ወደ አንድ መሣሪያ ለመሰብሰብ አስቦ ተነሣ። እንግዲህ የትኛው ማዕቀፍ ይበልጣል የሚለው ጥያቄ፥ ለማንና ለምን ሥራ የሚል ካልተጨመረበት መልስ የለውም።

ከታሪኩ የተማርነው

ከዚህ ሁሉ የሚከተሉትን አራት ነገሮች ቈጥረናል።

አንደኛ፥ ሥራው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ። ማስታወቂያና ሰሌዳ ለማንበብ የሚሆን አፕ የድረ ገጽ መንገድ ይበቃዋል። ብዙ ሥዕልና ፈጣን እንቅስቃሴ ያለበት ከሆነ ግን የስልኩን የራሱን አካል የሚጠቀም መሣሪያ ይሻላል። የ2012ቱ የፌስቡክ ችግር የመጣው ድረ ገጽ ከንቱ ስለ ሆነ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ስልክ ላይ ከዐቅሙ በላይ ስለ ተጫነ ነው።

ሁለተኛ፥ አሳዳጊው ሲሄድ ምን ይቀራል ብሎ መጠየቅ። ፎንጋፕ ሲዘጋ ኮርዶቫ ቀረ፤ ቲታኒየም ግን አሳዳጊውን ባጣ ጊዜ አብዛኛውን ወዳጁን አጣ። በተራ ኤችቲኤምኤልና ጃቫስክሪፕት የተጻፈ ገጽ፥ ቅርፊቱ ቢጠፋ እንኳ በብራውዘር ይከፈታል።

ሦስተኛ፥ ወጪውንና ጥገናውን አስቀድሞ ማሰብ። ጃቫስክሪፕት ጽሑፉን አንድ ያደርጋል እንጂ ከሁሉ ዕዳ ነጻ አያወጣም። በአፕል መደብር ለመመዝገብ በየዓመቱ 99 የአሜሪካ ዶላር፥ በጉግል ደግሞ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ይከፈላል። የአይፎኑን አፕ ለማጠናቀቅ ማክ ኮምፒዩተር፥ ወይም እርሱን በሩቅ የሚያከራይ አገልግሎት ያስፈልጋል። ጉግልም በመደብሩ ያሉ አፖች በየጊዜው ለዐዳዲሶቹ የአንድሮይድ እትሞች እንዲታደሱ ያስገድዳል። ስለዚህ አፕ ተሠርቶ አለቀ አይባልም፤ እንደ አትክልት ቦታ በየዓመቱ ተንከባካቢ ይፈልጋል።

አራተኛ፥ ፊደላችንና ዘመን አቈጣጠራችን እንዴት ይስተናገዳሉ ብሎ መጠየቅ። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ መዝገብ ስለ ገባ ጽሑፉ ችግር የለበትም፤ ቅርጸ ፊደሉ ግን በስልኩ ላይ መኖሩን መመርመር፥ ወይም ከአፑ ጋር አብሮ መላክ ይገባል። ጃቫስክሪፕት ቀንን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ለመጻፍ የሚያስችል ደንብ አለው፤ ነገር ግን ሁሉም ሞተር እኩል አይፈጽመውም። የተለመዱት የቀን መምረጫ ሰሌዳዎች የተሠሩት 12 ወር ላለው ዓመት ስለ ሆነ፥ ጳጉሜን የሚያውቅ ሰሌዳ የሚፈልግ ራሱ መሥራት ሳይኖርበት አይቀርም። የፈተናን ቀን ለወላጅ ለማስታወቅ የተነሣ ክበብ ይህን ችላ ሊል አይችልም።

የክበባችን ውሳኔ

በነዚህ ነገሮች ላይ ለሦስት ሳምንት ተከራክረናል። የሚበዙት አባሎች ካፓሲተር እንዲመረጥ ፈለጉ። ምክንያታቸውም ሥራችን አብዛኛው ጽሑፍ ነው፥ ሁላችንም ድረ ገጽ መሥራት ተምረናል፥ ታናናሾቻችንም መሣሪያው ቢዘጋ ገጾቹን በብራውዘር እያስከፈቱ መቀጠል ይችላሉ የሚል ነው። ጥቂቶቹ ግን ለሪአክት ኔቲቭ ተሟገቱ። እነርሱም ብዙ ወላጆች የያዙት ርካሽና አሮጌ አንድሮይድ ነው፥ ባዶ ብራውዘር በእንዲህ ያለ ስልክ ላይ ይከብዳል፥ ደግሞም በሰፊው የሚሠራበትን መሣሪያ ያወቀ ተማሪ ነገ እንጀራ ያገኝበታል አሉ። ይህ አሳብ በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። በካፓሲተር እንጀምራለን፤ ነገር ግን አንዲቱን የማስታወቂያ ገጽ ብቻ በመጀመሪያ ሠርተን ከወላጆቻችን ስልክ ሁሉ አሮጌ በሆነው ላይ እንፈትናለን። እዚያ ላይ ከቀረፈፈች ክርክሩ እንደ ገና ይከፈታል። የመረጥንበትን ምክንያት፥ የተቃወሙትንም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አሳብ ከኮዱ ጋር በአማርኛ ጽፈን እናስቀምጣለን። ምክንያቱም ተተኪዎቻችን ውሳኔያችንን ቢለውጡ አያሳዝነንም፤ የሚያሳዝነን ለምን እንደ ወሰንን ሳያውቁ ቢቀሩ ነው።

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፥ ውድ የትምህርት ቤት ጓደኞቻችን ሆይ፤ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። ብዙ ጊዜ ወጣቶች ዐዲስ የተባለውን መሣሪያ ሁሉ ስሙን ሰምተን እንሮጥበታለን። ነገር ግን ከ2008 እስከ ዛሬ ባሉት ዓመታት ስንቱ ማዕቀፍ በጭብጨባ ተነሥቶ በዝምታ እንደ ወደቀ አይተናል። የሚቈየው መሣሪያው ሳይሆን መሣሪያውን መርምሮ የሚመርጥ አእምሮ ነው፤ ይህንንም አእምሮ ለማግኘት ነው በየጧቱ ወደዚህ ግቢ የምንመጣው። በሚመጣው የበዓል መጽሔት ላይ ታናናሾቻችን የዚህን አፕ ታሪክ ጽፈው እንዲያስነብቡን እየተመኘን፥ ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜና መልካም ፍሬ እንመኛለን።